የቡርቃ ጉዶ እንግዶች

ላንድሮቨሩ ከጢቾ ወጥቶ ዳገቱን ሲያያዘው አሰግድ ብልቃጡን በሁለት ጉልበቱ መሃል አጥብቆ ያዘ። ሌሊት የጣለው ዝናብ መንገዱን አረንቋ አድርጎት ነበርና መኪናው አንዴ ወደ ገደሉ፣ አንዴ ወደ ገብሱ ማሳ ይንሸራተታል። የእንስሳት ተመራማሪው ዶክተር ወልደ ሚካኤል መሪውን እንደ እምቢተኛ በሬ ቀንድ ጨብጠው፣ የጠፋች ሲጋራቸውን ከከንፈራቸው ሳይጥሉ ያወራሉ።

«ሦስት ደብዳቤ!» አሉ። «የመጀመሪያውን ሳነብ ሥራ የፈታ ሰው ነው ብዬ ተውኩት። ሁለተኛው ላይ ያለውን ሥዕል ትንሽ አየት አደረግሁት። ሦስተኛው ሲመጣ ባለቤቴ፣ ‹ይህ ልጅ ወይ እብድ ነው ወይ ልክ ነው፤ ሄደህ እየው› አለችኝ። እና የትኛው ነህ?»

አሰግድ ወደ ብልቃጡ አቀረቀረ። «እኔ እንጃ፣ ዶክተር።»

«ግድ የለም፣ ሁለቱንም ብትሆን አልጠላህም።»

ጊዜው መጋቢት 1978 ነው። አሰግድ አሰላ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ዕቃ ጠባቂ ነበር፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ሰው ፊት ሲቆም ምላሱ የሚተሳሰር። ከሦስት ዓመት በፊት ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተልኮ ቡርቃ ጉዶ በምትባል የደጋ መንደር በኦቦ ከዲሮ ቤት ሰባት ወር ተቀምጦ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የቤቱ ድመት ከመሠረቱ ድንጋይ ሥር አንዲት እንሽላሊት ጎትታ አወጣች። አሰግድ ሲያስጥላት ሞታ ነበር። ሰውነቷ ቅቤ እንደተቀባ ያበራል፤ እግሮቿ ከማጠራቸው የተነሳ የተረሱ ይመስላሉ፤ የታችኛው የዓይን ቆቧ መሃል ደግሞ እንደ መስኮት የምታሳልፍ ነጥብ አለች፤ ዓይኗን ጨፍናም ታይ ዘንድ። በማጉያ መስታወት ወገቧን ዙሪያውን ቢቆጥር ሃያ ስድስት የቅርፊት ረድፍ አገኘ። በትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ላይ የምትመስላት እንሽላሊት ሠላሳ ሁለት አላት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ከዚያ ወዲህም ደህና እንቅልፍ ወስዶት አያውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

«ሰኔ ላይ ጡረታ እወጣለሁ» አሉ ዶክተሩ። «የይለፍ ወረቀቴም ለሦስት ቀን ነው የተጻፈው፤ ዛሬ ያልቃል። ማታ አሰላ ካልገባሁ ኬላው ላይ እኔንም እንደ እንሽላሊት ይቆጥሩኛል። በል እስቲ፣ ብርሃን ሳለ ልያት።»

የዳገቱ ጫፍ ላይ መኪናውን አቆሙ። አሰግድ ብልቃጡን በሁለት እጁ አቀበላቸው። ዶክተሩ ክዳኑን ከፍተው አፍንጫቸውን አስጠጉና ቶሎ ራቅ አሉ። መቆንጠጫቸውን ሰደዱ፤ ቆዳው ከሥጋው፣ ቅርፊቱም ከቆዳው እየተላቀቀ ወጣ።

«በምን ነው ያቆየሃት?»

«በአረቄ ነው። ፎርማሊን አልነበረም። የወይዘሮ አሰፋች ዳግም አረቄ ነው፣ ዶክተር፤ ክብሪት ሲያሳዩት የሚነድ።»

«አረቄውማ ደህና ነው፤ እኔም ብጎነጨው አልጠላ። ሆዷን ሰንጥቀህ ነበር? አረቄው ወደ ውስጥ እንዲገባ?»

የአሰግድ ጆሮ ቀላ።

«አልሰነጠቅሁም።»

«ለምን?»

«ድመቷ... አንድ ጊዜ ጎድታታለች። እኔ ደግሞ ልድገማት? አላስቻለኝም።»

ዶክተር ወልደ ሚካኤል መቆንጠጫውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩት። «አርባ ዓመት ሙሉ» አሉ፣ «ሆድ ሳይሰነጥቁ የሚተዉ ተማሪዎች አጋጥመውኛል። ሁሉም በስንፍና ነበር። በርኅራኄ የተወ አንተ ብቻ ነህ።» ከዚያ ክዳኑን ቀስ ብለው መለሱት። «ግን ስማኝ ልጄ። የአንድ አዲስ ፍጥረት ስም የሚቆመው በአንድ አካል ላይ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የተጠራጠረ ሰው ያንን አካል ከብልቃጡ አውጥቶ ይቆጥራል። ይህ ሾርባ ነው። ሾርባ ስም አይወጣለትም።»

«ሌሎች አሉ» አለ አሰግድ፣ ድምፁ ካሰበው በላይ ወጥቶ። «እዚያው ቤት፣ እዚያው ድንጋይ ሥር። ከቡርቃ ጉዶ ሌላ ቦታ ፈልጌ አላገኘሁም፤ እዚያ ግን አሉ።»

ዶክተሩ ሞተሩን አስነሡ። ጫፉን ተሻግረው ቁልቁል ሲያዩ ግን ዶክተሩ ፍሬን ያዙ። ከታች፣ በኮሶ ዛፎቹ መሃል ተበታትነው ከነበሩት ቤቶች ግማሾቹ ጣሪያ የላቸውም።

የመንደር ምስረታው ዘመቻ ቡርቃ ጉዶ ደርሶ ነበር። ሰዉ ከየጓሮው ተነሥቶ ሜዳ ላይ በገመድ ወደ ተለካ አዲስ መንደር እንዲገባ ታዟል። እንደ ቀድሞው ደቦ፣ ጎረቤት ለጎረቤት ተጠራርቶ ያፈርሳል፤ አባቶቻቸው ሲሠሩ ያዜሙትን ዜማ፣ ግጥሙን ትተው፣ በማጉረምረም ብቻ። የኦቦ ከዲሮ ቤት ሣሩ ወርዶ ማገሩ እየተፈታ ነበር። ባለቤቱ ግቢው መሃል በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሌላ ሰው ሠርግ እንደታደመ ሰው ያያሉ።

«ያ አሰግድ!» አሉ ሲያዩት። «እንኳን መጣህ። ተኝተን ኮከብ የምንቆጥርበት ቤት ሠርተውልናል።»

የኦቦ ከዲሮ ሚስት አዴ ሰኪና ከዕቃው ክምር ውስጥ ብቅ ብለው አንገቱን ይዘው ሳሙት። «ሙጫ ኮ!» አሉ በኦሮምኛ። «ልጄ! ከሳህ እኮ! አሰላ ገብስ አይበቅልም? ጭኮ አለ፣ ቆይ፣ የት ነው ያሰሩት ወላሂ፣ ቤቴን ሁሉ ከረጢት ከትተውታል።»

ከአጥሩ በኩል አንድ ወጣት ክላሴር ታቅፎ እያነጠሰ መጣ። የዘመቻው ኃላፊ ጓድ ይርሳው ነበር። የዶክተሩን ወረቀት ፊትና ኋላ አገላብጦ አነበበው።

«እንሽላሊት?» አለ።

«እንሽላሊት» አሉ ዶክተሩ።

«ጓድ ዶክተር፣ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አርባ ጣሪያ ማውረድ አለብኝ። ሥራ አታስቆሙብኝ እንጂ ዝሆንም ብትፈልጉ ግድ የለኝም።» እንደገና አነጠሰ።

«ይማርህ» አሉ ኦቦ ከዲሮ። «ሰው ቤት ሲያፈርሱ አቧራው አይለቅም።»

ዶክተር ወልደ ሚካኤል የመጡበትን ጉዳይ ለባለቤቱ አልሸሸጉም። ባዶውን ብልቃጥ፣ መግደያውን ኤተር የነካ ጥጥ፣ ምላጩን ሳይቀር አውጥተው አሳዩአቸው። ኦቦ ከዲሮ ሁሉንም በትሕትና አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህን ቤት አባቴ ሲሠራው እኔ በእናቴ ጀርባ ነበርሁ» አሉ። «ድንጋዩ ሲገባ እነሱም አብረው ገቡ። እህል አይበሉብን፣ ሰው አይነክሱብን። ክረምት ሲሆን ምድጃው ሥር ይሞቃሉ። ዶክተር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። አርሲ ቤቱ የተጠለለውን ሰው፣ ደም ያለበት እንኳ ቢሆን፣ አሳልፎ ይሰጣል?»

«አይሰጥም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ እኔ ያለ አንድ አካል ስም ማውጣት አልችልም፣ ኦቦ ከዲሮ። ሥርዓቱ እንዲያ ነው።»

«የእኔም ሥርዓት ይኸው ነው።» ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ሥርዓታቸው የተለያየ ሁለት ሰዎች ተገናኝተው ካልተሳደቡ ጥሩ ነው። ፈልጓቸው። እዩአቸው፣ ቁጠሯቸው። ከዚያ ይለቀቃሉ።»

ዶክተሩ ምላጫቸውን ወደ ቦርሳው መለሱ። አሰግድ ያንን አየ። ሦስት ደብዳቤ፣ ሦስት ዓመት። ቤቱ ከፈረሰ ድንጋዩ ይበተናል፤ ዶክተሩ ዛሬ ከሄዱ ሌላ ዶክተር አይመጣም። «አሰላ ውስጥ አንድ እብድ ነበር፣ አዲስ እንሽላሊት አገኘሁ የሚል» ይባላል፤ እሱም ቢሆን የሚያስታውሰው ከተገኘ ነው።

በሰሜኑ ግድግዳ በኩል ተንበርክኮ ድንጋዮቹን ያነሣ ጀመር። የደጋው ብርድ ገና አልለቀቀም ነበርና የሚፈልጋቸው ፍጥረታት ደንዝዘው ይገኛሉ። በአራተኛው ድንጋይ ሥር አንዲት አገኘ፤ ሆዷ ነፋ ያለ እርጉዝ። «አንድ!» ብሎ ለዶክተሩ አቀበላቸው። በሰባተኛው ሥር ሌላ እርጉዝ። «ሁለት!» በዘጠነኛው ሥር ግን ቀጠን ያለ ረጅም ወንድ ተጠቅልሎ ተኝቶ ነበር። አሰግድ አነሣው። ቀና ብሎ አየ። ኦቦ ከዲሮ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ዶክተሩ ማጉያ መስታወታቸውን ይጠርጋሉ። ጓድ ይርሳው ከአንድ አናጺ ጋር ይጨቃጨቃል።

«ሦስት» አላለም። ወንዱን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተና ኪሱን በመዳፉ ሸፈነው።

ሲነሣ አዴ ሰኪና ከፊቱ ቆመዋል። ጭኮውን በቅል ክዳን ይዘውለት መጥተው ነበር፤ በቅቤ የራሰ፣ የገብሱ ሽታ ገና ከሩቅ የሚጠራ።

«ብላ። እጅህን አትታጠብ፣ አፈር ነው፣ የእኛው አፈር ነው። ብላ።»

በአንድ እጁ መብላት ጀመረ። ሌላው እጁ ኪሱ ላይ ነው። እሳቸው ደስ ብሏቸው ሲጎርስ ይቆጥራሉ። «ትዝ ይልሃል፣ ‹ሀ›ን መጻፍ አቅቶኝ እርሳሱን ስሰብረው? አልተቆጣህም። ሌላ ቀረጽህልኝ። ለከዲሮ፣ ይህ ልጅ ሰው የሚያሳፍር ነገር አያውቅም አልሁት።»

ኪሱ ውስጥ የነበረው ፍጥረት በሰውነቱ ሙቀት ነቃና ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ እንደ ጣት። ከዚያ እየተሳበ በአሰግድ ብብት በኩል መውጫ መፈለግ ጀመረ። አሰግድ መጉረሱን ተወ።

«ምነው? ጨው በዛበት?»

«አዴ» አለ። «እኔ ሰው አሳፍራለሁ።»

ኪሱን ከፍቶ ወንዱን አወጣና በመዳፉ ይዞ ወደ በርጩማው ሄደ። የሚናገረውን ሁሉ ኦቦ ከዲሮ ሳይጠይቁት ተናገረ፤ ሰርቄ ነበር፣ ለዶክተሩ ልሰጣቸው ነበር፣ ደብዳቤዎቹ፣ ሾርባ የሆነችው፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ። በሕይወቱ ያን ያህል ረጅም ንግግር አድርጎ አያውቅም።

ኦቦ ከዲሮ እስኪጨርስ ጠበቁት። «ጭኮውን ጨረስኸው?»

«አልጨረስሁም።»

«ሂድና ጨርስ። ሰኪና ካኮረፈች እኔን ነው የምትገድለኝ።»

አዴ ሰኪና ግን አላኮረፉም። ዶክተሩ አንደኛዋን እርጉዝ ይዘው ሲቆጥሩ እያዩ ነበር። ዶክተሩ ከአሥራ አንድ በላይ መሄድ አልቻሉም፤ ዓይናቸው ይደክማል፣ እንደገና ይጀምራሉ፤ እንደገና አሥራ አንድ ላይ ይጠፋባቸዋል። አሰግድ ሲሞክር ደግሞ እንስሳዋ ከጣቱ ተንሸራተተች።

«ስጡኝ እስቲ» አሉ አዴ ሰኪና።

በአርሲ ሴት ወግ የወተት ዕቃ ቆዳ ላይ ጨሌ ሲሰፉ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። ከጉያቸው የጨሌ ከረጢታቸውን አወጡ። ዶክተሩ በእስክሪብቶአቸው ጀርባዋ ላይ አንዲት ነጥብ አደረጉላቸው። አዴ ሰኪና እንስሳዋን በግራ መዳፋቸው አስተኝተው፣ ከነጥቧ ጀምረው፣ ለእያንዳንዱ ረድፍ አንዲት ነጭ ጨሌ በክር ይሰኩ ጀመር። በቁጥር አይጠሩም። ቅርፊት በመርፌ ጫፍ ሳይነኩ ያሳያሉ፣ ጨሌ ይሰካል፤ ቅርፊት፣ ጨሌ። በቀስታ ገልብጠዋት ሆዷ በኩል ዞረው ነጥቧ ላይ ሲደርሱ ክሩን ቋጠሩ። ለሁለተኛዋም ሌላ ክር። ለወንዱም ሦስተኛ ክር፤ እሱ ስለሞቀው ሁለት ጊዜ ሊያመልጥ ሞክሮ ነበርና «አቦ ተቀመጥ፣ የሸማኔ መወርወሪያ ነህ እንዴ?» ብለው ተቆጡት።

ሦስቱን ክሮች አንድ ጫፍ ላይ ይዘው አንጠለጠሏቸው። እኩል ነበሩ።

ዶክተር ወልደ ሚካኤል ጨሌዎቹን በጣታቸው ቆጠሩ። «ሃያ ስድስት» አሉ። እንደገና ቆጠሩ። «ሃያ ስድስት።» ሁለተኛውን ክር፤ ሦስተኛውን። ከዚያ የአንደኛዋን የዓይን ቆብ በመስታወት አዩና ተነሥተው ግቢውን አንድ ጊዜ ዞሩ። ሲመለሱ መነጽራቸውን አውልቀው ነበር። «አሰግድ፣ እብድ አይደለህም። በቃ ለባለቤቴ ይህንን ነው የምነግራት።»

አሰግድ ፊቱን ወደ ገብሱ ማሳ አዞረ። ደስታና ኀዘን እንዲህ ባንድ ጊዜ ሲመጡበት የትኛውን ፊት እንደሚያሳይ አያውቅም። ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑን ግን የሚያዩት እዚህ የቆሙት ሰዎች ብቻ ናቸው።

በዚህ መሃል ጎረቤቶቹ ምሰሶው ላይ ደረሱ። ሰባት ሰው ገመድ ያዘ። ማጉረምረሙ እንኳ ቆመ። ኦቦ ከዲሮ ከበርጩማቸው ተነሥተው ሄደው ምሰሶውን አንድ ጊዜ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ የሚሸጥ በሬ እንደሚሰናበቱ። ከዚያ ገለል አሉ። ምሰሶው አዘነበለና መሬቱን ሲመታ ውሾቹ ጮኹ።

ሽማግሌው አቧራው እስኪሰክን ቆዩ። ወደ ዶክተሩ ሲመጡ ድምፃቸው እንደ ቀድሞው ነበር።

«ዶክተር፣ አንዱን ይውሰዱ።»

«ኦቦ ከዲሮ፣ በቁጭት ከሆነ አልፈልግም።»

«በቁጭት አይደለም። ምሰሶዬ ቆሞ ሳለ እንግዶቼ ነበሩ። አሁን ቤት የለኝም፤ ቤት የሌለው ሰው እንግዳ የለውም። ነገ እነዚህን ድንጋዮች ለመንገድ ይወስዷቸዋል አሉ። እኛም እዚህ አልነበርንም፣ እነሱም አልነበሩም እንዳይባል አንዱ ይመስክር። እርጉዞቹን ግን አይንኩብኝ።»

ወንዱ ሆነ። ኤተር የነካው ጥጥ ሥራውን በደቂቃ ጨረሰ። ዶክተሩ ምላጩን ለአሰግድ ዘረጉለት። አሰግድ ወሰደው። አንዲት ቀጥ ያለች አጭር መስመር ሰነጠቀና ምላጩን ጠርጎ መለሰ።

ዶክተሩ ከፍታ መለኪያቸውን አይተው በትንሽ ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመሩ። «ቦታ?» አሉ።

«መንደር ቁጥር አራት» አለ ጓድ ይርሳው፣ ክላሴሩን ከፍቶ። «ከትናንት ጀምሮ በወረቀት የሚጠራው እንዲያ ነው። የድሮው ስም ቀርቷል።»

ዶክተሩ ብዕራቸውን ከወረቀቱ ላይ አነሡ። ከዚያ የተናገረው ማንም ያልጠበቀው ሰው ነበር።

«ጓድ ይርሳው» አለ አሰግድ፣ «መንደር ቁጥር አራት ከዚህ አንድ ሰዓት መንገድ ነው። ይህ የተያዘው እዚህ ነው። ሰዉ ተነሣ እንጂ ቦታው አልተነሣም። ቡርቃ ጉዶ ነው።»

ጓድ ይርሳው ሊመልስ አፉን ሲከፍት ማስነጠሱ ቀደመው። አፍንጫውን ጠረገ፤ የፈረሰውን ቤት አየ፤ ሽማግሌውን አየ። «የእንሽላሊቱን ወረቀት እኔ አልፈርምበትም» አለ በመጨረሻ። «የፈለጋችሁትን ጻፉ።»

ዶክተሩ «ቡርቃ ጉዶ» ብለው ጻፉ። ከሥሩ ቀኑን፣ ከቀኑ ሥር «ሰብሳቢ፦ አሰግድ ገብረወልድ፤ ቆጣሪ፦ ሰኪና ቶላ» ብለው ወረቀቱን በክር ከወንዱ እግር ጋር አስረው ብልቃጡ ውስጥ ከተቱት።

አህዮቹ ተጫኑ። ጓድ ይርሳው በር ላይ ቆሞ የሚወጣውን ሁሉ ይመዘግባል። ሰው ሁለት፣ ላም ሦስት፣ አህያ ሁለት። ኦቦ ከዲሮ በሁለት እጃቸው ቅል አቅፈው ሲያልፉ አስቆማቸው።

«ይህስ?»

«ሁለት እርጉዞች ናቸው። አትጻፋቸው፣ ራሽን አይጠይቁም።»

ወጣቱ ቅሉ ውስጥ አጎንብሶ አየ። እርጥብ አፈር ላይ ሁለት የሚያበሩ ጀርባዎች። ክላሴሩን ዘጋ። «በመኪናው ፊት ወንበር ይሂዱ» አለ። «አህያ ላይ ይንገላታሉ።»

እንዲህ ሆኖ አዴ ሰኪና ቅሉን ታቅፈው ከዶክተሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ ዶክተሩም በእግር ከሚሄደው አህያ ቀድመው እንዳይደርሱ ሰግተው በየጠመዝማዛው ላይ እየቆሙ «ደህና ናቸው?» ይሉ ነበር። አሰግድ ከኦቦ ከዲሮ ጋር ከአህዮቹ ኋላ ይራመዳል። የወንዱን ብልቃጥ በኮቱ ደረት በኩል ይዞታል።

አዲሱ መንደር ሜዳ ነበር። ካስማና ገመድ፣ ካስማና ገመድ፤ አንድም ድንጋይ የለበትም። ኦቦ ከዲሮ የእሳቸው የተባለውን ካሬ አንዴ በእግራቸው ዞሩት። ከዚያ ከአንደኛው አህያ ላይ ማንም ያላየውን ጭነት አወረዱ፤ በከረጢት የተጠቀለለ ጠፍጣፋ የመሠረት ድንጋይ፣ ከሰሜኑ ግድግዳ። ሰማዩን አይተው አቅጣጫውን ለዩና ማዕዘኑ የሚሆንበት ቦታ ላይ አስቀመጡት። በጣታቸው ከሥሩ አፈሩን ጫር ጫር አደረጉ። አዴ ሰኪና ቅሉን አዘነበሉ።

አንደኛዋ ቶሎ ገባች። ሁለተኛዋ ጫፉ ላይ ቆማ ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ አለች።

«ግቢ» አሏት ኦቦ ከዲሮ በኦሮምኛ። «ግቢ፣ ቤት ነው።»

ገባች። ሽማግሌው ድንጋዩን በመዳፋቸው ጫን አድርገው አረጋገጡና ቀና ሲሉ አሰግድን አዩት። ዶክተሩ ሰዓታቸውን እያዩ ሞተሩን አስነሥተዋል።

«ሂድ፣ ልጄ። ዶክተሩ ይመሽባቸዋል። ስትመለስ ቤቴ የት ነው ብለህ ሰው አትጠይቅ፤ ድንጋይ ያለበትን ፈልግ።»